ድንበር መዝጋትና መብራት ማቋረጥ መፈንቅለ መንግሥትን ይመልሳልን?

መነሻ ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን፦ ሐምሌ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. በኒጀር የፕሬዚዳንቱ ጠባቂ ጦር ፕሬዚዳንት ሞሐመድ ባዙምን አግቶ ሥልጣን ሲይዝ፣ ናይጄሪያ ከኢኮዋስ (የምዕራብ አፍሪካ ሀገራት የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ) አባላት ጋር ሆና ድንበሯን ዘጋች፤ ለኒጀር የምትሸጠውንም ኤሌክትሪክ አቋረጠች። ይህ ተገቢ ነበር ትላላችሁ?

ከመንዝ፦ ተገቢ ነበር። በማሊ በ2012 ሥልጣን የያዙት ወታደሮች ኢኮዋስ የጣለባቸው ማዕቀብ በጥቂት ወራት ውስጥ ስለተነሣላቸው በ2013 ደገሙት፤ በቡርኪና ፋሶም በ2014 እና በ2015 መንግሥት ሁለት ጊዜ ተገለበጠ። ጠብመንጃ ያለው ሁሉ ቤተ መንግሥት የሚገባ ከሆነ ሕዝብ ድምፅ መስጠቱ ምን ይረባዋል?

ከደብረ ብርሃን፦ ወንድሜ፣ ቁጣዎ ቁጣዬ ነው። የአፍሪካ ኅብረት ነሐሴ 16 ቀን ኒጀርን ማገዱን ይፋ ሲያደርግ ቀዳሚው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1992 በቶጎ ዋና ከተማ ሎሜ፣ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘን መንግሥት ለማገድ የገባውን ቃል ፈጸመ እንጂ አልተሳሳተም። እኔን የከነከነኝ መብራቱ ነው። ኒጀር ከምትጠቀምበት ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከናይጄሪያ ይመጣ ስለነበር፣ መሥመሩ ሲቋረጥ በጨለማ ያደረው የዋና ከተማዋ የኒያሜ ነዋሪ እንጂ የመፈንቅለ መንግሥቱ መሪ ጄኔራል አብዱራህማን ቺያኒ አልነበሩም። እኛ በከተማችን መብራት በጠፋ ቀን እናቶች እህላቸውን ወፍጮ ቤት ደጃፍ አውርደው እስኪመሽ ሲጠብቁ እያየን፣ የሌላውን ሀገር እናት እንዲህ መቅጣት ዲፕሎማሲ ነው ለማለት አንደበቴ አይታዘዘኝም። በቤኒን ድንበር በማላንቪልም ምግብ የጫኑ መኪኖች ለሳምንታት ተሰልፈው ቆመዋል።

ከሸዋ ሮቢት፦ መምህር፣ ጫና የሌለው ውግዘት ግን ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ከደብረ ብርሃን፦ እውነት ነው፤ ጫናው ግን ያጠፋውን ይያዝ። የጄኔራሎቹን ሀብት ማገድና ጉዞ መከልከል ተገቢ ነበር፤ ይህንን አልነቅፍም። ሕጉም ለሁሉም እኩል ይሁን፤ በ2013 ኢድሪስ ዴቢ ሲሞቱ ልጃቸው ማሃማት ከሕገ መንግሥቱ ውጭ የቻድን ሥልጣን ሲይዝ ኅብረቱ አላገደም፤ የኒጀር ወታደሮችም ይህንን ማየታቸው አይቀርም። የጅምላው ቅጣት ደግሞ ያሰበውን አላመጣም፤ በማሊ ላይ በጥር 2014 የተጣለው ከባድ ማዕቀብ በሰኔ ሲነሣ ወታደሮቹ እዚያው ነበሩ። በጥር 2016 ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር ከኢኮዋስ እንደሚወጡ በአንድነት አስታወቁ፤ በየካቲት ኢኮዋስ ራሱ በኒጀር ላይ የጣለውን አብዛኛውን ማዕቀብ አነሣ። ባዙም ግን ያን ጊዜም እንደታሰሩ ነበሩ።