ክልላችን በሕፃናት ላይ ለሚፈጸም ወንጀል የራሱን የቅጣት መመሪያ ማውጣት ይችላልን?

ጥያቄ (ከደሴ)
አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴን አጅቤ አንድ ችሎት ተቀምጬ ነበር። ልጇ በሰው ቤት ስታገለግል በአሠሪዋ የተደፈረች ናት። ዳኛው ቅጣቱን አንድ እርከን ወደ ላይ፣ ሁለት እርከን ወደ ታች ሲያደርጉት እናትየው ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ «የምን እርከን ነው ልጄ?» ብትለኝ መልስ አጣሁ። የክልሉ ምክር ቤት ጠንከር ያለ የራሱን መመሪያ ቢያወጣስ?

ምላሽ (ከወልድያ)
የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55(5) የወንጀል ሕግ የማውጣቱን ሥልጣን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቶ፣ ክልሎች በፌዴራሉ ሕግ ባልተሸፈነ ጉዳይ ላይ ብቻ እንዲያወጡ ይፈቅዳል። ይህ ወንጀል ደግሞ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 626 እና 627 ተሸፍኗል። እርከን የሚባለው የቅጣት መጠን ደረጃ ሲሆን፣ በዚሁ ሕግ አንቀጽ 88(4) መሠረት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. አውጥቶ በ2006 ዓ.ም. ካሻሻለው መመሪያ የመጣ ነው፤ ለተመሳሳይ ጥፋት ደሴ ላይ አንድ፣ ወልድያ ላይ ሌላ ቅጣት እንዳይወሰን ታስቦ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ማክበጃ ምክንያት እርከኑን ከፍ፣ ማቅለያ ምክንያት ዝቅ ያደርገዋል። የልጅቷ ዕድሜ ግን ወንጀሉን ራሱን የሚያቋቁም ነጥብ ስለሆነ በአንቀጽ 84(2) መሠረት እንደ ማክበጃ ዳግመኛ አይቆጠርም። ብዙ ቤተሰብ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው።

ምላሽ (ከኮምቦልቻ)
እኔን ሕጉ አነሰ የሚለው አያሳምነኝም። ተጎጂዋ 13 ዓመት ካልሞላት ቅጣቱ በአንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፤ 13 ሞልቷት 18 ካልደረሰች ግን በአንቀጽ 626(1) ከ3 እስከ 15 ይወርዳል። የቤት ሠራተኛው ከሆነች ደግሞ በአንቀጽ 626(4) ከ5 እስከ 20 ይሆናል። ስለዚህ እህቴ፣ ተከሳሹ የተከሰሰው በየትኛው ንዑስ አንቀጽ ነው? ዕድሜዋስ በምን ተረጋገጠ? የልደት ምዝገባ በአገራችን በመደበኛነት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ለተወለዱ የገጠር ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ማስረጃው የሐኪም ግምት ነው።

ጠያቂዋ
ክሱን አሁን አውጥቼ አየሁት፤ 626(1) ብቻ ይላል፣ የቤት ሠራተኛ መሆኗ የተጻፈው በፍሬ ነገሩ ዝርዝር ውስጥ ነው። እናትየው «ለመስከረም 13 ይሞላታል» ብትልም የሆስፒታሉ ወረቀት «ከ13 እስከ 15» ይላል። የይግባኙ ቀን ሳያልፍ ነገ ጠዋት ወደ ዓቃቤ ሕጉ ቢሮ አብረን እንሄዳለን።