ካርቦን ዳይኦክሳይድን በፀሐይ ወደ ሚቴን ለመቀየር ሞክረን ጋዙ አልነድ አለን፣ ምን አጠፋን?

የሰበታው መምህር፦
ሰላም ለሁላችሁም። ከሰበታ ወጣ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት 11ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ነው ማስተምረው። የሳይንስ ክበብ ልጆቼ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በፀሐይና በካታሊስት (ሪአክሽን በሚያፋጥን ነገር) ነዳጅ ይሆናል ሲባል ሰምተው እንሞክረው ብለው ያዙኝ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ገባሁበት። ካታሊስት እንዲሆነን መርካቶ ከቀለም ዕቃ ሻጭ ግማሽ ኪሎ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ነጭ ዱቄት ገዝተን አንድ ማንኪያ ሃይላንድ ውስጥ በውሃ በጠበጥን፣ በሌላ ሃይላንድ ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ቀላቅለን የሚወጣውን ጋዝ በግሉኮስ ቱቦ ወደዛኛው አስገባን፣ ከዛ ቆርቆሮ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ አስመታነው። ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ትንንሽ አረፋ ተደርድሮ ሲያዩ ልጆቹ ጮሁ። ጋዙን በሲሪንጅ ስበን ክብሪት ጋ ስናስጠጋው ግን ጭራሽ እሳቱን አጠፋው። ሦስት ቀን ደገምነው፣ ያው ነው። ከወር በኋላ ለወላጆች ልናሳይ ቃል ገብተናል፣ እባካችሁ።

የቀለም ባለሙያ ከገላን፦
መምህር ዱቄቱ ነው። ለቀለም የሚመጣው ቲታኒየም አብዛኛው ሩታይል የሚባለው ነው፣ እሱም በሲሊካና በአሉሚና ተለብጦ ነው የሚመጣው። ለምን መሰለህ፣ ካልተለበጠ ፀሐይ ሲያገኘው ቀለሙን ራሱን ይበላዋል፣ ግድግዳ ስትነካ እጅህ ላይ እንደ ጠመኔ የሚለቅ ቀለም አይተህ የለ፣ እንደዛ ያደርገዋል። እና የገዛችሁት በፀሐይ እንዳይሠራ ተብሎ የተሠራ ነው። ሌላኛውን የቲታኒየም ዓይነት፣ ያልተለበጠ አናታዝ ብለህ ጠይቅ። ስትበጠብጡ ደግሞ ልጆቹ ማስክ ያድርጉ፣ ብናኙ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

ኬሚስቷ ከቱሉ ዲምቱ፦
መምህር ሰላም ነዎት? ማስተርሴን በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው የምሠራው። አረፋው ሚቴን አይደለም፣ ውሃው ሲሞቅ ውስጡ የሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድና አየር ነው የወጣው፣ ክብሪቱን ያጠፋውም እሱ ነው። የኖራ ውሃ ውስጥ ቢለቁት ነጭ ይሆንልዎታል።

አናታዝ ቢያገኙም እንኳ የሚነድ ጋዝ አይጠብቁ። አናታዝ የሚቀበለው ከ387 ናኖሜትር በታች ያለውን አልትራቫዮሌት ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ከፀሐይ ብርሃን 4 ወይ 5 ፐርሰንት ቢሆን ነው። በዛ ላይ አንድ ሚቴን ለመሥራት 8 ኤሌክትሮን ያስፈልጋል፣ ብዙዎቹ ካርቦኑ ጋ ሳይደርሱ ተመልሰው ይጠፋሉ። አንድ ግራም ዱቄት በሰዓት 10 ማይክሮሞል ቢሰጥ፣ ያውም ጥሩ ሠራ ተብሎ፣ በ6 ሰዓት 60 ማይክሮሞል ነው፣ በኛ ከፍታ 2 ሚሊ ሊትር አይሞላም። ዱቄት ብጨምርስ ካሉ ውሃው እንደ ወተት ሆኖ ብርሃን አያሳልፍም። ጃፓኖቹ እነ ኢኖዌ በ1979 እ.ኤ.አ ሲያሳዩትም በብዛት ያገኙት ውሃው ውስጥ ፎርሚክ አሲድ፣ ፎርማልዲሃይድና ሜታኖል ነበር፣ ሚቴኑ ትንሽ ነው።

ትልቁ ነገር ግን አቼቶው ነው። የአቼቶ ትነት ከጋዙ ጋር ካለፈ ቲታኒየሙ በብርሃን አሴቲክ አሲዱን ራሱን ሰብሮ ሚቴን ያወጣል፣ ያኔ ሚቴን ቢያገኙም ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ የመጣ አይደለም። እኔም ሚቴን አገኘሁ ብዬ ስንት ቀን ደስ ብሎኝ ከርሜ አማካሪዬ በካርቦን ዳይኦክሳይዱ ፈንታ ናይትሮጅን አሳልፊ አለኝ፣ አሳለፍኩ፣ የመለኪያ መሣሪያው ግራፍ ላይ ያቺው የሚቴን ጫፍ እዛው ቦታ ቁጭ አለች። ዱቄቱን ስሠራ ከቀረ ኦርጋኒክ ቅሪት ነበር። አልቅሻለሁ። መሃል ላይ የቤኪንግ ሶዳ ውሃ ያለበት ሌላ ሃይላንድ አድርጉና ጋዙን በሱ አሳልፉት፣ ትነቱን ይይዘዋል።

የሰበታው መምህር፦
እህቴ እግዜር ይስጥሽ፣ አቼቶውን በፍጹም አላሰብኩትም። ታዲያ ለወላጆች ምን ላሳይ? ልጆቹ ተስፋ እንዳይቆርጡብኝ።

ላብ ቴክኒሻን ከቡራዩ፦
መምህር ባዮሎጂ ላብ ሜቲሊን ብሉ የሚባለው ሰማያዊ ማቅለሚያ አይጠፋም። ሦስት ጠርሙስ ያዙ፣ ሦስቱም ውስጥ ጥቂት ጠብታ ሰማያዊ። አንዱ አናታዝ ያለው ፀሐይ ላይ፣ አንዱ አናታዝ ያለው ግን በፎይል የተጠቀለለ፣ ሦስተኛው ያለ ዱቄት ፀሐይ ላይ፣ ምክንያቱም ሜቲሊን ብሉ ብቻውንም ቀስ እያለ ይለቃል። ዱቄቱ እስኪዘቅጥ ጠብቃችሁ ከላይ ያለውን ውሃ አወዳድሩ። ካታሊስቱ በብርሃን እንደሚሠራ እናት አባት በዓይኑ ያያል።

የሰበታው መምህር፦
አናታዙን በጓደኛ በኩል አገኘሁ፣ ትናንት ሞከርነው። የመጀመሪያው 8 ሰዓት ሳይሞላ ነጣ፣ ፎይሉን ስንፈታ ያኛው እንደ ሰማይ ሰማያዊ ነው፣ ሦስተኛው ትንሽ ብቻ ፈዘዘ። አንዷ ልጅ ቀለሙ የት ሄደ አለችኝ፣ ተሰባብሮ መጨረሻው በብዛት ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ነው ስላት እኛ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነዳጅ ልንሠራ አይደል እንዴ፣ ይሄ በግልባጩ ነው አለች። ለልጅቷ ምን ብዬ ላስረዳት?

ኬሚስቷ ከቱሉ ዲምቱ፦
ጎበዝ ልጅ! ብርሃን ሲመታው ኤሌክትሮኑ ይነሳል፣ የተነሳበት ቦታ ባዶ ይቀራል። ባዶው ቦታ ያገኘውን ያቃጥላል፣ ቀለሙን የበላው በዋናነት እሱ ነው። ነዳጅ የሚሠራው ኤሌክትሮኑ ነው። ሁለቱም አንድ ብናኝ ላይ ስለሚውሉ የተሠራውን ሜታኖል ባዶው ቦታ መልሶ ያቃጥለዋል፣ የኛም ራስ ምታት ይሄ ነው። ያለ አቼቶ ትነት የሠራችሁትን ውሃ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ አየር ሳይቀር ሞልታችሁ፣ በፎይል ጠቅልላችሁ፣ ልጅቷንም ይዘው ሐሙስ ይምጡ፣ በናይትሮጅን የሠራችሁትንም ካለ ጨምሩ፣ ውስጡ ምን ምን እንዳለ ለይቶ በሚያሳየው መሣሪያ፣ በጋዝ ክሮማቶግራፉ ላይ አብረን እናያለን።