ጥቆማ፦ ባሕር ዳር ላይ ፒኤስ 4 ልግዛ ወይስ ለፒኤስ 5 ልቆጥብ?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ የባሕር ዳር ልጆች። ለሁለት ታናናሽ ወንድሞቼ ፕሌይስቴሽን (ፒኤስ) የሚባለውን የጌም ማሽን ልገዛላቸው አስቤአለሁ። የያዝሁት ገንዘብ ያገለገለ ፒኤስ 4 ይገዛል፤ ለፒኤስ 5 ግን ጥቂት ወራት መቆጠብ ይኖርብኛል። ልጆቹ የሚጫወቱት በአብዛኛው ኳስ ነው። የትኛው ይሻላል፣ ከየትስ ልግዛ?

የፔዳ ተማሪ፦ ፒኤስ 4 በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ማሽን ቢሆንም ኤፍሲ 26 የተባለው የኳስ ጨዋታ እንኳ ተሠርቶለታል፤ ስለዚህ ለኳስ ብቻ ከሆነ ገና ያገለግላል። ሌሎቹ ትልልቅ ጨዋታዎች ግን ለፒኤስ 5 ወደ መሠራት አዘንብለዋል። ሲዲ ማስገቢያ ያለው ፒኤስ 5 የፒኤስ 4 ሲዲዎችን ከጥቂቶቹ በቀር ስለሚያጫውት፣ ዛሬ የምትገዛቸው በኋላም አይባክኑም።

ጊዮርጊስ ሰፈር፦ ያገለገለ ፒኤስ 4 የሚገዛ ሰው የእኔን ይስማ። «ተከፍቶ አያውቅም» ተብዬ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ማሽን በሁለተኛው ሳምንት ማራገቢያው እየጮኸ በጨዋታ መካከል ይጠፋ ጀመር። ጠጋኝ ሲከፍተው ውስጡን አቧራ ሞልቶታል፣ ማሸጊያው ቀድሞ ተነሥቷል፣ ሃርድ ዲስኩም ተቀይሯል። ሻጩ «የቤትህ መብራት ነው ያበላሸው» ብሎ ገንዘቤን ሳይመልስ አሰናበተኝ።

ዓባይ ማዶ፦ አዝናለሁ። ሆኖም መብራቱም ቀላል አይደለም፤ የፒኤስ 4 ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር በመሆኑ እየጻፈ ሳለ መብራት ድንገት ቢቋረጥበት ሊበላሽ ይችላል። ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ ያለው መሣሪያ፣ ያስፈልጋል።

ጊዮርጊስ ሰፈር፦ አቧራውን መብራት አላመጣውም፤ ማሸጊያውንም አላነሣውም።

ፓፒረስ፦ እኔ ከአንድ ደንበኛዬ በቀር ከማንም አልገዛም። የሸጠልኝ ጆይስቲክ ሁለት ጊዜ ተበላሽቷል፤ ቢሆንም ጨዋ ሰው ስለሆነ ሌላ ቦታ አልሄድም።

ሽምብጥ፦ ወንድማችን የጠየቀው ስለ ማሽን ነው፤ እናንተ ነጋዴ ትሸመግላላችሁ።

የፖሊ ልጅ፦ ያገለገለ ከሆነ እዚያው ሱቁ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት አጫውተው፣ የማራገቢያውን ድምፅ አዳምጥ፣ ሲዲ አስገብተህ አውጣ፣ ጆይስቲኩን ሳትነካው ተጫዋቹ ብቻውን እንዳይሄድ ተመልከት። ፒኤስ 5 ከሆነ ደግሞ ዲጂታል የሚባለው ሲዲ ማስገቢያ የለውም። ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለወጣው ቀጭን ዓይነት ማስገቢያውን ለብቻው ገዝቶ መግጠም ይቻላል፤ መጀመሪያ ሲገጠም ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል። ከፈለግህ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት አብሬህ ዞሬ አሳይሃለሁ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ። ቴሌቪዥናችን ግን አሮጌ ስለሆነ ባለ ሦስት ቀለሙን ገመድ ብቻ ነው የሚቀበለው። ችግር አለው?

የፖሊ ልጅ፦ አለው። ፒኤስ 4ም ፒኤስ 5ም ምስል የሚያወጡት በኤችዲኤምአይ ገመድ ብቻ ነው። እኔ ጋ መቀየሪያ አለ፤ ይዤልህ እመጣለሁ።