ክሩም ሴራሚኩም ተሰባሪ ሆነው ሳለ ጥንካሬው ከየት መጣ?

ጥያቄ
የቁሳቁስ ምህንድስና ተማሪ ነኝ። በ2016 አገልግሎት ላይ የዋለው ሊፕ የተባለው የአውሮፕላን ሞተር በተርባይኑ ውስጥ በሲሊኮን ካርባይድ ክር የተጠናከረ የሲሊኮን ካርባይድ ሴራሚክ እንዳለው አንብቤያለሁ። ክሩም ሆነ ክሩን ያቀፈው ማትሪክስ ከአንድ ዓይነት ተሰባሪ ቁስ የተሠሩ ናቸው። ታዲያ ጥንካሬው ከየት ይመጣል? ሁለቱ አጥብቀው ቢጣበቁስ ይበልጥ አይጠነክርም?

መልስ
አጥብቀው ከተጣበቁማ እንደ ተራ ሴራሚክ ይሰበራል። በተራ ሴራሚክ ውስጥ የጀመረ ስንጥቅ የሚያቆመው ስለማያገኝ ከዳር እስከ ዳር ይዘልቃል። እዚህ ግን ውፍረቱ ከ10 እስከ 15 ማይክሮሜትር የሚደርሰው እያንዳንዱ ክር በስስ ቦሮን ናይትራይድ ይለበጣል። ልባጡ ሆን ተብሎ ደካማ እንዲሆን ስለሚደረግ፣ ስንጥቁ ክሩ ዘንድ ሲደርስ ክሩን ቆርጦ በማለፍ ፈንታ በልባጡ በኩል ይታጠፋል፤ ያልተበጠሱት ክሮችም የስንጥቁን ሁለት ወገን እንደ ስፌት ይዘው ጭነቱን ይሸከማሉ። ጭነቱ ሲበረታ ክሮቹ እየተበጠሱ ከማትሪክሱ ጋር እየተፋተጉ ይነቀላሉ፤ የስብራቱን ጉልበት የሚበላውም ይኸው ፍትጊያ ነው። የተሰበረ ናሙና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ቢመለከቱ፣ ከስብራቱ ገጽ ወጥተው የቆሙ የክር ጫፎችንና ክሮች የተነቀሉባቸውን ክብ ቀዳዳዎች ያያሉ። ገጹ ልሙጥ ከሆነ ግን ልባጡ ሥራውን አልሠራም።

መልስ
በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም ያው ስንጥቅ ለኦክስጅንና ለውሃ ትነት መግቢያ ስለሚሆን፣ ቦሮን ናይትራይዱ ከውስጥ ሊበላ ይችላል። በእኔ እምነት የዚህ ቁስ ክፉ ጠላት ከሙቀቱ ይልቅ ትነቱ ነው። በደረቅ አየር ሲግል ላዩ ላይ የሚፈጠረው ሲሊካ (የሲሊኮንና የኦክስጅን ውህድ) ይጠብቀዋል፤ ከነዳጅ ቃጠሎ የሚወጣው ትነት ግን ሲሊካውን ወደ ጋዝ እየለወጠ ስለሚወስደው ክፍሉ እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ ላዩ እንደ ይተርቢየም ዳይሲሊኬት ባሉ ሽፋኖች ይሸፈናል። በሞተሩ የተሳበ አቧራና የእሳተ ገሞራ አመድ ደግሞ በ1200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ቀልጦ ይህንኑ ሽፋን ያጠቃል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ 737 ማክስ አውሮፕላኖችም የሚበሩት በዚሁ ሞተር ስለሆነ፣ ጉዳዩ ለእኛም ቅርብ ነው።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። ታዲያ የሚሽከረከሩት የተርባይኑ ብሌዶች (ምላጭ መሰል ክንፎቹ) ጭምር ለምን ከዚሁ አይሠሩም?

መልስ
ክብደቱ ከኒኬል ቅይጥ ሲሶ ገደማ በመሆኑ ሐሳቡ ያጓጓል። ነገር ግን ብሌድ በሽክርክሪቱ ኃይል ያለማቋረጥ ስለሚሳብ፣ ማትሪክሱ ከተሰነጠቀ ትነቱ ወደ ክሮቹ የሚገባበት ክፍተት ሳይዘጋ ይቆያል። በሊፕ ሞተር ውስጥ የተገጠመው በብሌዶቹ ጫፍ ዙሪያ ያለው የማይሽከረከር ቀለበት ነው። በተጨማሪም ማትሪክሱ በክሮቹ መካከል ቀልጦ በሰረገ ሲሊኮን የሚሠራው ዓይነት በውስጡ ትርፍ ሲሊኮን ስለሚቀርበት፣ ሲሊኮን ደግሞ በ1414 ዲግሪ ስለሚቀልጥ፣ የአገልግሎት ሙቀቱ ከ1300 ዲግሪ ብዙም አይርቅም።