ለመንገድ የሚሆን የሳተላይት ዲሽ የትኛው ይሻላል?

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከቤተሰቤ ጋር ሐይቅ ወርደን ስናድር፣ ከመኪናችን አጠገብ ተክለን የኢትዮሳት ጣቢያዎችን የምናይበት ዲሽ መግዛት አስቤያለሁ። ሳተላይቱን ራሱ የሚፈልገው ይሻላል ወይስ በእጅ የሚስተካከለው?

መልስ፣ ከደሴ፦
ኢትዮሳት የሚሰራጨው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ከሚገኘው ኤንኤስኤስ 12 ስለሆነ፣ ራሱ የሚፈልገውን ከመግዛትዎ በፊት ይህ ሳተላይት ተሞልቶበት እንደሆነ አጥብቀው ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሳተላይቶች የተሠሩ ናቸውና። እኔ በእጅ የሚስተካከለውን እመርጣለሁ። ከወሎ ሲታይ ሳተላይቱ በደቡብ ምሥራቅ በኩል 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ተራራ እምብዛም አይጋርደውም። ናይልሳት ግን በምዕራብ በኩል 35 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ዛፍና ግድግዳ ቶሎ ይከልሉታል።

ሌላ መልስ፦
መኪናዎ ከቻለ 60 ሳይሆን 90 ሳንቲ ሜትሩን ይያዙ፤ የክረምት ዝናብ ሲበረታ ትንሹ ዲሽ ቀድሞ ሥዕሉን ያቋርጣል። ሪሲቨሩም ቴሌቪዥኑም በ12 ቮልት የሚሠሩ ቢሆኑ ከመኪናው ባትሪ በቀጥታ ይጠቀማሉ፤ ሆኖም ሞተሩ ጠፍቶ ለረጅም ሰዓት ከቆየ ባትሪው ሊያልቅ ስለሚችል፣ ልጆች ይዞ ለሚያድር ሰው ሁለተኛ ባትሪ ያስፈልገዋል እላለሁ።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው በእጅ የሚስተካከለውን 90 እገዛለሁ። ማቆሚያው ባለ ሦስት እግር ቢሆን ነፋሱን ይችላል?

መልስ፣ ከደሴ፦
ይችላል፤ እግሮቹን በአሸዋ ከረጢት ይጫኑት።