ያልተሳተፍንባቸው ሦስት ኦሊምፒኮች

ጥያቄ፦ የሩጫ ወዳጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን የኦሊምፒክ ተሳትፎዋን ከጀመረች ወዲህ በ1976 ከሞንትሪያል፣ በ1984 ከሎስ አንጀለስ፣ በ1988 ደግሞ ከሴኡል ቀርታለች። ስለ ሜዳሊያ ታሪካችን ሲነሣ ከአበበ ቢቂላና ከማሞ ወልዴ ተጀምሮ በሞስኮ በኩል ወደ ደራርቱ ቱሉ ይታለፋል እንጂ ስለ እነዚያ ዓመታት ብዙም አይወራም። በእርግጥ ያመለጡን ድሎች ነበሩ ወይስ ቁጭት ብቻ ነው የሚያናግረን?

መልስ፦ ሰንዳፋ
ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የሴኡሉ ነው። በላይነህ ዴንሳሞ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2:06:50 ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ይህም ሰዓት ብራዚላዊው ሮናልዶ ዳ ኮስታ በ1998 በርሊን ላይ እስኪያሻሽለው ድረስ ለአሥር ዓመታት ጸንቷል። በሴኡል ጣሊያናዊው ጀሊንዶ ቦርዲን ያሸነፈው በ2:10:32 ነው። የሮተርዳም ጎዳና ሜዳ በመሆኑ፣ በኦሊምፒክም ሯጮች ከሰዓት ይልቅ እርስ በርስ ስለሚጠባበቁ፣ ሁለቱን ሰዓቶች አነጻጽሮ በላይነህ ያሸንፍ ነበር ብሎ መደምደም አይገባም። ነገር ግን የዓለም ፈጣኑ ማራቶን ሯጭ በሙሉ ብቃቱ ሳለ ውድድሩ ያለ እርሱ ተካሂዷል።

መልስ፦ የቀድሞ አሠልጣኝ
ሦስቱን በአንድ ዓይን ማየት ግን ተገቢ አይመስለኝም። በ1976 የአፍሪካ አገሮች ከሞንትሪያል የወጡት የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ አፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ በመሄዱ ነውና፣ ዋጋው ቢከብድም በዚያ ውሳኔ አላዝንም፤ የ1984 እና የ1988ቱ ግን የቀዝቃዛው ጦርነት ጎራ ያስከተለው ነበር። የሞንትሪያሉን ዋጋ የከፈለው ምሩፅ ይፍጠር ነው። በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ ያገኘው ምሩፅ፣ ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን ሁለቱንም ርቀቶች ሞንትሪያል ላይ ባሸነፈ በዓመቱ፣ በዱሰልዶርፍ የዓለም ዋንጫ 5,000 እና 10,000 ሜትርን ጠቅልሎ ወሰደ። ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ሁለቱን የኦሊምፒክ ወርቆች ያገኘው በ1980 ሞስኮ ላይ ነው።

መልስ፦ አርሲ
የሴቶቹንም ጉዳይ ልጨምር። የሴቶች ማራቶን ወደ ኦሊምፒክ የገባው በ1984፣ የሴቶች 10,000 ሜትር ደግሞ በ1988 ነው፤ ሁለቱም እኛ በሌለንበት ተጀመሩ። ደራርቱ በ1992 ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትርን ስታሸንፍ ርቀቱ በኦሊምፒክ ሲሮጥ ገና ሁለተኛው ጊዜ ሲሆን፣ ማራቶኑን ደግሞ ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ ላይ አሸንፋለች።