የኤግሞንት ሐዘን ከቴምፖው (ከፍጥነቱ) ነው ወይስ ከኪዩ?

ጥያቄውን ያነሳው
ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን የቤትሆቨንን ኤግሞንት ኦቨርቸር (የቲያትር መክፈቻ ሙዚቃ) በሁለት ኦርኬስትራዎች ቀረጻ ሰማሁት። አንደኛው መሪ መግቢያውን በጣም ያዘገየዋል። ሌላኛው ፈጠን አድርጎ ያስኬደዋል። ፈጣኑ ላይ ሐዘኑ ጠፋብኝ። ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ፦ ኤግሞንት በስፔን አገዛዝ ሥር በነበረችው ኔዘርላንድስ የኖረ ባላባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1568 ብራስልስ አደባባይ ላይ አንገቱን ተቀላ። ጀርመናዊው ጸሐፊ ጎተ ቲያትር ጻፈበት፤ ቤትሆቨን ደግሞ ቲያትሩ በ1810 ቪየና ሲታይ ሙዚቃውን ሠራለት። ወደ ሞት የሚሄድ ሰው ሙዚቃ እንዴት ይቸኩላል? መግቢያው መዘግየት አለበት ባይ ነኝ።

የቼሎ ተማሪዋ
ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። መግቢያው ላይ የተጻፈው «ሶስቴኑቶ ማ ኖን ትሮፖ» ነው። ድምፁን ያዝ አድርጋችሁ ተጫወቱ፣ ግን አታብዙት ማለት ነው። «አታብዙት» የሚለውን ሰው ሁሉ ይረሳዋል። በጣም ሲዘገይ እነዚያ የባለ ክሮቹ ከባድ ምቶች አንድ ዓረፍተ ነገር መሆናቸው ይቀርና የተበታተኑ ቃላት ይሆናሉ። ሐዘኑም አብሮ ይበተናል።

ጥያቄውን ያነሳው
ታዲያ ትክክለኛው ፍጥነት ስንት ነው?

የቼሎ ተማሪዋ
ቁጥር የለውም። ሜልዝል ሜትሮኖሙን፣ የሙዚቃ ፍጥነት የሚቆጥረውን መሣሪያ፣ በስሙ ያስመዘገበው በ1815 ነው፣ ከኤግሞንት አምስት ዓመት በኋላ። ቤትሆቨን በ1817 ለሲምፎኒዎቹ የሜትሮኖም ቁጥር አውጥቷል፣ ለዚህ ግን አላወጣም። ስለዚህ መሪው መወሰን አለበት። እኔ የምለው ቃሉን አንብቦ ይወስን ነው።

ክራር ተጫዋቹ
እናንተ ስለ ፍጥነት ትከራከራላችሁ፣ እኔ ግን ሐዘኑ ያለው ኪዩ ውስጥ ነው እላለሁ፤ ኪይ ማለት ዜማው የሚነሳበት ድምፅና የድምፆቹ አደራደር ነው። ይህ ከኤፍ ድምፅ የሚነሳ፣ ጠቆር ያለው ኤፍ ማይነር ነው። እኛ ጋ ትዝታ ትዝታ የሚሆነው በቅኝቱ ነው። ስታፈጥነውም ትዝታነቱ አይጠፋም።

የቼሎ ተማሪዋ
ቅኝትና ኪይ ግን አንድ አይደሉም። ክራርህን ለዘፋኙ ድምፅ ብለህ ከፍ ወይም ዝቅ አድርገህ ብትቃኘው ትዝታው ያው ትዝታ ነው አይደል? በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት አልተለወጠማ። ኪይ ደግሞ መነሻው የት ነው የሚለውንም ይጨምራል። መነሻው ራሱ ደግሞ በዚያ ዘመን ከከተማ ከተማ ይለያይ ነበር። ላ (ኤ የሚባለው ድምፅ) በሰከንድ 440 ንዝረት ይሁን የሚለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የመጣው በ1939 ነው። ዛሬ የምንሰማው ኤፍ ማይነር ቤትሆቨን ከሰማው ጋር በትክክል አይገጥምም ማለት ነው።

ክራር ተጫዋቹ
ይህን እቀበላለሁ። ግን ታዲያ ለምን ኤፍን መረጠ? ዝም ብሎ ነው?

ኦርኬስትራ ውስጥ ቫዮሊን የሚጫወት
እዚህ ጋ ልግባ፤ ይህን ጉዳይ በጣቴ ነው የማውቀው። ቫዮሊን ላይ በጣት ሳይጫን የሚጮኸው (ክፍት) ክር ጂ፣ ዲ፣ ኤ እና ኢ ነው። ቪዮላና ቼሎ ከታች ሲ ይጨምራሉ። ኤፍ ማይነር ስኬል (የድምፆች ቅደም ተከተል) ውስጥ ዲም ኤም ኢም ፍላት ናቸው፤ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ ማለት ነው። ከክፍት ክሮቹ የሚገቡት ጂ እና ሲ ብቻ ናቸው፤ ኢ አንዳንዴ ብቅ ቢል ነው። የተቀሩት ክሮች ተባብረው አያስተጋቡም። ድምፁ ይታፈናል፣ ይጠቁራል። መጨረሻው ወደ ኤፍ ሜጀር (ያው ከኤፍ የሚነሳ፣ ግን ፈካ ያለ) ሲዞር አምስቱም ክፍት ክሮች ስኬሉ ውስጥ ይገባሉ። የምትጫወተው አንዱን ክር ነው፣ ሌሎቹ ግን አብረው ይንቀጠቀጣሉ። መሣሪያው አገጬ ሥር ሲከፈት ይሰማኛል። ኪዩ ለውጥ አያመጣም የሚለኝን ሰው አጠገቤ ቁጭ ብሎ እንዲሰማው ብጋብዘው ደስ ይለኛል።

የቼሎ ተማሪዋ
ይህን እኔም ማሰብ ነበረብኝ። ልክ ነህ። ግን ቴምፖው ከኪዩ የበለጠ እንደሚሠራ ኤግሞንት ራሱ ይመሰክራል። መግቢያው ኤፍ ማይነር ነው፤ ተጭኖህ የሚቀመጥ ነገር አለው። ከዚያ አሌግሮው፣ ፈጣኑ ክፍል፣ ይመጣል። ኪዩ ያው ኤፍ ማይነር ነው። ቼሎዎቹ ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን ዜማ ይይዛሉ፣ ስሜቱም ቁጣና ትግል ይሆናል። የተለወጠው ፍጥነቱና ምቱ ነው። ማይነር ሁሉ ሐዘን ቢሆን ኖሮ እዚህም ማልቀስ ነበረብን።

አንድ የቆዩ አድማጭ
ልጆቼ፣ መጨረሻውን አትርሱት። አሌግሮው ሲያልቅ ቫዮሊኖቹ በኃይል ሁለት ድምፅ ይጥላሉ፣ ከላይ ወደ ታች። ብዙ ሰው ሰይፉ የወረደው እዚያ ነው ይላል። ከዚያ ዝምታ። ከዝምታው በኋላ የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያዎቹ በጣም በቀስታ ይገባሉ። ድሉም ዝቅ ባለ ድምፅ ይነሳና እያደገ ሄዶ ፒኮሎው (ትንሿ ዋሽንት) ከሁሉም በላይ ይጮኻል። ጎተ ቲያትሩን ኤግሞንት ወደ መገደያው ሲወጣ በድል ሲምፎኒ እንዲዘጋ ነው የጻፈው፣ ያ ሙዚቃም ይኸው ነው። በ1956 የሃንጋሪ ሕዝብ በተነሳ ጊዜ ይህ ኦቨርቸር እንደ መዝሙራቸው ሆኖ ነበር። የመረጡት ቀርፋፋ ስለሆነ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ያ ዝምታ ነው። አንዳንድ መሪዎች ይዘሉታል ማለት ይቻላል፤ በግማሽ ትንፋሽ ያልፉታል። ሰውየው ሞቶ ሳለ እንዴት ወዲያው ይጨፈራል?

ጥያቄውን ያነሳው
ጋሼ፣ አሁን ሁለቱንም ቀረጻ ደግሜ ሰማሁ። ዝምታውን ብቻ ብዬ። ቀርፋፋው መሪ ቶሎ አለፈው። ፈጣኑ ግን ቆመ፣ በደንብ ቆመ። ሐዘኑን እዚያ አገኘሁት። መግቢያው ላይ ግን አሁንም አልተረታሁም። ትንሽ ቢያዘገየው ኖሮ እመርጥ ነበር።

የቼሎ ተማሪዋ
ትንሽ ካልክ እስማማለሁ። «አታብዙት» የሚለው እዚያ ተጽፏል።